ቤርካት ታንክ አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው?

«የአሜሪካ ፖሊስ መንደር ውስጥ ታንክ አስገባ» የሚል ርዕስ ከነቪዲዮው ስንቴ እንደተላከልኝ እንጃ። ስከፍተው ያው ነው፦ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ባለ አራት ጎማ፣ ግንባረ ሰፊ መኪና። ስሙ ቤርካት ነው። ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፒትስፊልድ ከተማ ያለው ሌንኮ የተባለ ኩባንያ ይሠራዋል። ሻንሲው የፎርድ ኤፍ 550 ነው፤ መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና የሚጎትቱት ሰዎች የሚነዱት ማለት ነው። በዚያ ላይ ወፍራም ብረትና ድርብርብ መስታወት ይጫንበታል፤ አለቀ።

ታንክ ምን እንደሆነ ለሐበሻ አላስረዳም። ግንቦት 1983ን አዲስ አበባ ሆኖ ያየ ሰው ሰንሰለቱ አስፋልቱ ላይ የተወውን ጥርስ አይረሳም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው አብራምስ ታንክ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የ120 ሚሊሜትር መድፍ አለው። ቤርካት 9 ቶን ገደማ ነው፤ መድፍ የለውም። ያለው ከውስጥ ሆኖ ለመተኮስ የሚከፈት ቀዳዳና ጣሪያው ላይ ያለ መውጫ ነው።

አንድ ተንታኝ ይህን ሲነግሩት «ብረት እስከለበሰ ድረስ ለእኔ ታንክ ነው» ብሎ ደመደመ። እንግዲያው የባንክ ገንዘብ የምታመላልሰውም መኪና ታንክ ልትሆን ነው። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። በየካቲት 1997 ሎስ አንጀለስ፣ ሰሜን ሆሊውድ ውስጥ ጥይት የማይበሳው ልብስ የለበሱ ሁለት ዘራፊዎች ባንክ ዘርፈው ሲወጡ ከፖሊስ ጋር ረጅም ተኩስ ገጠሙ። የቆሰሉ ሰዎች መሀል ላይ ወድቀዋል፤ ተራ የፖሊስ መኪና ደግሞ በሩ ጥይት አያቆምም። ፖሊሶቹ ያደረጉት የገንዘብ ማመላለሻ ብረት ለበስ መኪና ወስደው ቁስለኞቹን በእርሷ ማውጣት ነበር። ብዙ የፖሊስ መምሪያዎች «የራሳችን ያስፈልገናል» ሲሉ እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ይህን ቀን ነው።

ለዚህ ነው ቤርካትን ጋሻ የምለው፤ ታንክ ጦር ነው። ግን ምሳሌውን እዚህ ላይ ትቼ ብሄድ የፖሊስ ቃል አቀባይ እጄን ይስመኝ ነበር፤ «ይኸው፣ መከላከያ ብቻ ነው» ለማለት። ጋሻ የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ አይልም። ጋሻ የሚያዘው ጦር ወደሚወረወርበት ለመጠጋት ነው፤ ጋሻ ባይኖር የማይደፈረውን ደጅ ያስደፍራል። በጋሻ በር መግፋትም ይቻላል። በ2016 ኦርላንዶ፣ ፐልስ በተባለው የምሽት ክበብ ታጋቾች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው በነበረበት ሌሊት ፖሊስ ግድግዳውን የደረመሰው በቤርካት ነው። በዚያ ቀዳዳ ሰዎች ወጥተዋል። ያው መኪና ሌላ ቀን፣ ሌላ ሰፈር፣ የአንዲት እናት ሳሎን ግድግዳ ላይ ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ደግሞም ጋሻ ክንድ ያዝላል። ሙያዬ የከባድ መኪና ጥገና ስለሆነ ማንም ባይጠይቀኝም ይህን ሳልናገር አላልፍም። ብረት ሲጨመር ፍሬን ቶሎ ያልቃል፣ ባሌስትራ ይተኛል፣ የበር ማጠፊያ ይወርዳል፤ በሩ ብቻውን ሁለት እጅ ይፈልጋል። መስታወቱ ብዙ ንጣፍ ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ ዕድሜና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ከጠርዙ እየለቀቀ ወተት ይመስላል፤ ያኔ ነጂው የሚያየው ግማሹን ነው። «ጥይት የማይበሳው» የሚሉትም ነገር በሙከራ ደረጃ የሚለካ ነው፤ የትኛው ጥይት፣ ከምን ያህል ርቀት፣ አንዴ ነው ወይስ ደጋግሞ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁሉንም ጥይት አቆማለሁ የሚል ካለ ሻጭ ነው።

ሌላው ከቤርካት ጋር የሚደባለቀው ኤምራፕ የተባለው፣ ፈንጂ እንዲቋቋም የተሠራ የጦር ሠራዊት ብረት ለበስ ነው፤ እሱ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ኢራቅ ውስጥ መንገድ ዳር የሚቀበር ፈንጂ የአሜሪካንን ወታደሮች ሲፈጅ፣ ከ2007 ጀምሮ በብዛት የተላከ ነው። ሆዱ እንደ «ቪ» ፊደል የሾለው ፍንዳታው ወደ ጎንና ጎን እንዲከፈል ነው። ስለዚህም ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ብዙዎቹ ከ15 ቶን በላይ ናቸው፤ ጠርዙ ለስላሳ በሆነ የገጠር መንገድ ላይ በቀላሉ ይገለበጣሉ። ጦርነቱ ሲበርድ ሥራ የፈቱት መኪኖች 1033 በሚባለው ፕሮግራም ለፖሊስ መታደል ጀመሩ። ፕሮግራሙ ስሙን ያገኘው ከ1997 በጀት ዓመት የመከላከያ ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። መኪናው በነፃ ይሰጣል፤ ማጓጓዣውና ጥገናው የተቀባዩ ነው። እንደ እኔ «ነፃ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል። ለትንሽ ከተማ የዚህ መኪና ጎማና መለዋወጫ ዋዛ አይደለም። የተቀበረ ፈንጂ በሌለበት አገር ደግሞ የሾለው ሆድ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በሰንሰለት የሚሄደውንና በጎማ የሚሄደውን መንግሥት ራሱ ለይቶ ያየበት ጊዜ አለ። በ2014 ፈርጉሰን፣ ሚዙሪ ውስጥ ብረት ለበሶቹ ሰልፈኛ ፊት ቆመው ከታዩ በኋላ፣ የኦባማ አስተዳደር በ2015 ሰንሰለታም ብረት ለበሶች ለፖሊስ እንዳይሰጡ ከለከለ። ባለ ጎማዎቹ ግን በቁጥጥር እንዲሰጡ ተፈቀደ። ትራምፕ በ2017 ውሳኔውን ሻረው።

እውነተኛ ታንክማ በ1995 ሳን ዲዬጎ መንደር ውስጥ ገብቷል። አንድ ሰው ከብሔራዊ ዘብ ግቢ ኤም 60 ሰርቆ መኪና እየጨፈለቀ ሲነዳ ፖሊስ ከኋላ ከመከተል በቀር የሚያቆምበት ነገር አልነበረውም። ታንኩ የቆመው አውራ ጎዳናው መሀል ካለው የሲሚንቶ አጥር ላይ ወጥቶ ሲቀረቀር ነው።

ስሙ ላይ ይህን ያህል ድርቅ የምለው «ታንክ» የሚለው ክስ ለፖሊስ ቀላል ስለሚሆን ነው። ቃል አቀባዩ «መድፉ የታለ?» ይላል፤ ክርክሩ ያበቃል። የሚያስቸግረው ጥያቄ መኪናው የሚወጣው ለምን ጉዳይ እንደሆነና ማን እንደፈቀደ ነው። የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ማኅበር በ2014 ባወጣው ጥናት ከተመለከታቸው የስዋት (የፖሊስ ልዩ ቡድን) ስምሪቶች 79 በመቶው ለቤት ብርበራ ነበሩ፤ አብዛኛውም የአደንዛዥ ዕፅ ፍለጋ። እገታና ተኳሽ የሚባለው፣ መኪናው ሲገዛ ምክር ቤት ፊት የሚነገረው ምክንያት፣ ጥቂቱ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1985 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ቪ 100 የተባለ ብረት ለበስ ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ገጥሞ ፓኮይማ ውስጥ የአንድ ቤት ግድግዳ ደረመሰ፤ ውስጥ የተገኙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ1987 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ መደርመሻ ለመጠቀም አስቀድሞ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። መኪናው ጋሻ ነው ጦር ነው ብሎ አልተከራከረም።

እዚያው ካሊፎርኒያ በ2021 የወጣው ኤቢ 481 የተባለ ሕግ ደግሞ መምሪያዎች ብረት ለበስን የመሰለ ዕቃ ለመያዝ የከተማቸውን ምክር ቤት ፈቃድ እንዲያገኙና በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያወጡ ያስገድዳል። ሪፖርቱ ሕዝብ የሚያየው ሰነድ ነው፤ ምን ያህል እንዳላቸው፣ ምን እንዳወጡበት፣ ለምን እንደተጠቀሙበት ይጻፍበታል። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ቪዲዮውን ከመላካችሁ በፊት የከተማችሁን ሪፖርት ፈልጉና መኪናው ለምን እንደወጣ የሚለውን ክፍል አንብቡ። «ለማስፈራራት» ተብሎ አይጻፍም፤ «ለብርበራ ድጋፍ» የሚለው ስንት ቦታ እንዳለ ቁጠሩ።