ሂውሚክ አሲድን ከፒት መለየት፦ የወሎ ረግረግና ሊግናይት

ፒት ውኃ በተኛበት መሬት፣ አየር አጥቶ በደንብ ሳይበሰብስ የተከማቸ የእጽዋት ቅሪት ነው። ሂውሚክ አሲድ የሚባለው ደግሞ በአልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ባለ የአሲድ ተቃራኒ) የሚሟሟው፣ በአሲድ የሚዘቅጠው ጥቁር ክፍሉ ነው። ጀርመናዊው ፍራንዝ ካርል አቻርድ እ.ኤ.አ. በ1786 ከፒት ከለየው ወዲህ መሠረቱ ያው ነው፤ የተሻሻለው ማጣራቱ ነው።

ወሎ ላይ ረግረግ ሲነሳ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ጨፋ ይታወሳል። ግን ረግረግ ሁሉ ፒት አይደለም። ጎርፍ ከተራራ ደለል የሚያወርድበት ቦታ ሸክላ ይበዛዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ናሙናውን አቃጥሎ አመዱን መመዘን ነው፤ ሸክላ ስለማይቃጠል አመድ የበዛበት ፒት አይደለም። ደግሞም ጨፋ በበጋ የአርብቶ አደሩ ከብት መጠጊያ ነው፤ መቆፈሩ አያዋጣም። ውጫሌ አካባቢ ያለው ሊግናይት (በደንብ ያልበሰለ ቡናማ ከሰል) ይሻላል፤ መንገዱም ተመሳሳይ ነው።

ዓለም አቀፉ የሂውሚክ ንጥረ ነገሮች ማኅበር ለአፈር ያወጣው ዘዴ ለፒትም ይሠራል። ናሙናው በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠባል። ከዚያ ለ1 ግራም 10 ሚሊ ሊትር ሂሳብ 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ገብቶበት ቢያንስ 4 ሰዓት ይናጣል። ይህ በናይትሮጅን ጋዝ ሥር ይሁን፤ አልካሊ ውስጥ ያለ ሂውሚክ አየር ካገኘ ይኦክሳይዳል። አተላው ተለይቶ ፈሳሹ ፒኤች 1 እስኪደርስ አሲድ ይጨመርበታል። ከ12 እስከ 16 ሰዓት ሲቆይ ሂውሚኩ ይዘቅጣል፣ በአሲድም የማይዘቅጠው ፉልቪክ አሲድ ከላይ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ ዋናው ሥራ ግን ገና ነው። አብሮ የወረደውን ሸክላ ለማስወጣት ዝቃጩ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ እንደገና ሟሙቶ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ደለሉን በሚለይ መሣሪያ) ይጣራል። እንደገና ከዘቀጠ በኋላ አመዱ ከ1 በመቶ በታች እስኪወርድ ድረስ በሃይድሮክሎሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቅልቅል ይታከማል። ሃይድሮፍሎሪክ ብርጭቆ ይበላል፤ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ እጅም ይጠንቀቅ። ቀጥሎ ክሎራይዱ እስኪጠፋ በዳያሊሲስ ከረጢት (ጨውን አሳልፎ ሂውሚኩን በሚያስቀር) ይታጠባል፤ በመጨረሻ በረዶ እስኪሆን ቀዝቅዞ በቫኪዩም ይደርቃል።

ብረትና ካልሲየም ለበዛበት ናሙና ሶዲየም ፓይሮፎስፌት ጥሩ ነው። ብረቱን ያዝ አድርጎ ሂውሚኩን ይለቅቃል፤ ለስላሳ ስለሆነ ምርቱ ግን ያንሳል። አልትራሳውንድ ጊዜ ይቆጥባል፤ ከበዛ ሞለኪውሉን ይሰብራል። አልካሊው ራሱ ተፈጥሮ ውስጥ የሌለ ነገር ይፈጥራል የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፍ ጋል ብሏል።

ለእርሻ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙቶ ማጥለል ይበቃል። በኮስቲክ ሶዳ የወጣው ግን ሶዲየም ያስከትላል፤ እንደ ጃማና ወረኢሉ ላለ ውኃ ለሚይዝ ጥቁር መሬት ያን መጨመር ጥፋት ነው።