ቦሎቄን ውሃ ቆጥቦ ማጠጣት፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ጎንደር አካባቢ በበጋ መስኖ ለሚያለማ ሰው ከጥር በኋላ ትልቁ ጭንቀት ውሃ ነው። ወንዙ ይቀንሳል፣ የሞተር ነዳጅ ኪስ ያራቁታል፣ የውሃ ተራ ይራዘማል። ስለዚህ ቦሎቄን ቆጥቦ ማጠጣት ግድ ይሆናል። መቆጠቡ ክፋት የለውም። የሚጎዳን ስለ ተክሉ የምናምናቸው አንዳንድ ነገሮች ልክ አለመሆናቸው ነው። በነሱ ተመርተን የማይቆጠብበት ጊዜ ላይ እንቆጥባለን።

«ቦሎቄም እንደ ሽምብራ ድርቅ ይችላል»

ይህ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ደምቢያ ላይ ሽምብራ ክረምቱ ሲወጣ ይዘራና ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ብቻ ይደርሳል። ሰው ይህን እያየ ነው ያደገው። ቦሎቄ ግን ሌላ ነው። የሽምብራ ስር ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ እርጥበት መፈለግ ይችላል፣ የቦሎቄ ስር ግን አብዛኛው ያለው ከላይኛው ግማሽ ሜትር ላይ ነው፣ ቀድሞ የሚደርቀውም እሱ ነው። ቦሎቄ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከዘር እስከ አጨዳ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። 400ውን ብንወስድ ለሩብ ሄክታር አንድ ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው! የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ ቦሎቄ በውሃ እጥረት የሚጎዳበትን መጠን 1.15 ብሎታል። በወቅቱ ሙሉ ከሚጠቀመው ውሃ 20 በመቶ ከጎደለበት ምርቱ 23 በመቶ ገደማ ይወርዳል እንደማለት ነው። 20 ኩንታል ከሚጠበቅበት መሬት 4 ኩንታል ተኩል ሄደ ማለት ነው።

«ቅጠሉ ካልጠወለገ አልጠማውም»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ስሩ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ቅጠሉ ይልካል። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ያኔ መዘጋት ይጀምራሉ። ውሃው እንዳይተን ነው የሚዘጉት። ግን ተክሉ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባውም በነዚያው ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ማሳው ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴና ጤነኛ መስሎ ሳለ ተክሉ ምግብ ማዘጋጀቱን ቀንሶ፣ ቅጠሉም ራሱን በትነት ማቀዝቀዝ አቅቶት እየሞቀ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። መጠውለጉ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ቀድሞ የሚታየው ሌላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ ፊታቸውን ለፀሐይ መስጠት ትተው ጠርዛቸውን ያዞራሉ። ቀለማቸው ይጠቁራል፣ አዲስ የሚወጡትም ያንሳሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አፈሩን ማየት ነው። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩና ጭብጥ አድርጉት፤ ካልያዘና ከተበተነ ተጠምቷል። ጠዋት በማለዳ ጠውልጎ ካገኛችሁት ደግሞ በጣም ዘግይታችኋል።

«ውሃ ካነሰ ከየጊዜው እኩል እየቀነሱ ማዳረስ ነው»

ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ምርቱን በብዛት የሚወስደው ይህኛው ነው። ቦሎቄ ሁሉንም ጊዜ እኩል አይጠማም። በደንብ ከበቀለ በኋላ፣ አበባ ሳያወጣ፣ መጠነኛ እጥረት ቢደርስበት ቁመቱ ያጥራል፣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ውሃ ሲያገኝ ግን ከጉዳቱ ብዙውን ያካክሳል። አበባ ላይ ሲሆን ማካካሻ የለም። የተጠማ ቦሎቄ አበባውንና ገና የያዘውን ትንሽ ፍሬ ያራግፋል፣ ምክንያቱም ሁሉንም የሚመግብበት አቅም የለውም። የረገፈው አበባ በኋላ ስላጠጣችሁት ተመልሶ አይመጣም። ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ከተጠማ ደግሞ ፍሬው ቀላልና የተጨማደደ ይሆናል፤ ቅርፊቱ አለ፣ ውስጡ ግን አልሞላም።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩን የሚያከፋው አለ። ጥር ላይ የተዘራ ቦሎቄ የሚያብበው ፀሐዩ በሚበረታበት በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት ነው፣ ወንዙም በዚያው ሰሞን ነው የሚያንሰው። እና ውሃው ለሁሉም እንደማይበቃ ካወቃችሁ ከመጀመሪያው ቀንሱና ለአበባው አስቀሩ። የውሃ ተራ ሲደለደልም ማን አበባ ላይ እንደደረሰ ከውሃ አባቱ ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው። ኧረ ሌላው ቢቀር መሬቱንም ቀንሶ መዝራት ይቻላል! ግማሹን መሬት በደንብ ማጠጣት ሙሉውን አበባ ላይ ከማስጠማት ይሻላል ብዬ ነው የማምነው።

«አበባው የሚረግፈው በበሽታ ነው፣ መድኃኒት ይረጭ»

አንዳንዴ ተባይ ወይም በሽታ ይኖራል። ግን መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት አፈሩን ቆፍራችሁ እዩ። ጥማትንም ሙቀትንም መድኃኒት አያድንም።

«ጥራጥሬ ነው፣ ማዳበሪያውን ራሱ ይሠራል»

እውነትነት አለው፣ ግን ቦሎቄ ከጥራጥሬዎች መካከል በዚህ ደካማ ከሚባሉት ነው። ናይትሮጂን ከአየር የሚይዙለት ባክቴሪያዎች ስሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ይኖራሉ፣ እነሱም በጥማት ቶሎ ሥራ ያቆማሉ። አንድ እብጠት ሰንጥቃችሁ እዩ። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ቆሟል። ስለዚህ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማዳበሪያ ከመጨመር በፊት ውሃውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ተራ ሲደርስ ማሳውን ሞልቶ መልቀቅ ነው»

በተለይ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ አፈር ላይ አታድርጉት። ውሃ ከተኛበት ስሩ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል፣ ያ ሁሉ ውሃም ይባክናል። በትልም፣ መጠኑን አሳንሶ ቶሎ ቶሎ መስጠት ይሻላል። በትልሞቹ መሃል ገለባ መጎዝጎዝም እርጥበቱን ያቆያል። ቅርፊቶቹ አብዛኞቹ ቢጫ ከሆኑ በኋላ ደግሞ ውሃውን አቁሙ፤ ያኔ ተራችሁን ገና አበባ ላይ ላለው ጎረቤት ልቀቁለት።