ሥር የሰደደ ጭንቀትና አመጋገብ አእምሮን በጋራ የሚነኩት እንዴት ነው?

«ስሜቴን የሚያውከው ጭንቀቱ ነው ወይስ አመጋገቤ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ሁለቱን ነጣጥሎ ስለሚያይ ሰውን ያደናግራል፤ በሰውነት ውስጥ ግን አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

በጭንቀት ጊዜ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይጠቅማል። ለወራት ሲቀጥል ግን እንቅልፍን ያዛባል፣ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ የመፈለግ ስሜትን ያነሣሣል፣ ለማስታወስ ወሳኝ የሆነውን ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍልም ሊጎዳ ይችላል። ለምሳሌ ለወራት በሥራ ጫና ውስጥ የቆየች ሴት ቁርስ ትተዋለች፣ ማታ ጣፋጭ ታበዛለች፣ እንቅልፏ ይቀንሳል፤ በማግስቱም ቀላሉ ጉዳይ ሳይቀር ይከብዳታል።

በተለይ መታረም ያለበት አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ከስሜት ጋር የተያያዘው ሴሮቶኒን የተባለ ኬሚካል በአብዛኛው በአንጀት ስለሚመረት፣ አንድን ምግብ መብላት ወዲያው ደስታን ይሰጣል የሚለው ነው። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማው በአንጀት መመረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም። አንጎል የራሱን የሚሠራው ከምግብ ከሚገኘው፣ ትሪፕቶፋን ከተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ስለሆነና ሂደቱም በብዙ ነገር ስለሚወሰን፣ ከአንድ ምግብ ወዲያው ደስታን መጠበቅ አይገባም።

አጠቃላይ አመጋገብ ግን ለውጥ ያመጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ለ12 ሳምንታት አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት የሚበዛበትን አመጋገብ ሲከተሉ ይህን አመጋገብ እንዲከተል ካልተደረገው የንጽጽር ቡድን የተሻለ መሻሻል አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ 67 ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሌላ ሕክምና እየተከታተሉ ስለነበር፣ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አመጋገቡን አሻሻልኩ ብሎ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።