በሬው ሳይሸጥ

ወንድሞችና እህቶች፣ ለተቸገረ ወገን መስጠት እንዳለብን ማናችንም አንጠራጠርም። ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ጊዜውን ነው። መቼ ነው የምንሰጠው?

አብዛኞቻችን እጃችን የሚፈታው ፎቶው ስልካችን ላይ ሲደርስ ነው። የከሳ ሕፃን እናያለን፣ ልባችን ይነካል፣ ብር እንልካለን። እግዚአብሔር ይቀበለዋል። ግን ፎቶው እኛ ጋ እስኪደርስ በዚያ ቤት ብዙ ነገር አልፏል።

የወሎ ሰው ይህን ያውቀዋል። የበልግ ዝናብ ሲቀር የደላንታና የመቄት ገበሬ ክረምት ሲገባ የሚያጭደው ገብስ አይኖረውም። ያኔ ማንም አይጮህም። ሰውየው መጀመሪያ በጎቹን ይሸጣል። ቀጥሎ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። በመጨረሻ በሬውን ገበያ ያወጣል። ጎረቤቱም እንደዚያው ስለሚያደርግ የከብት ዋጋ ይወርዳል፣ እህሉ ደግሞ ሰማይ ይነካል። አንገቱ በቀንበር የተመለጠ፣ ጎድኑ የሚቆጠር በሬ ታያላችሁ። ገዢው ብሩን ቆጥሮ ሰጥቶት እንኳ ባለቤቱ ገመዱን ቶሎ አይለቅም። ያ በሬ ከሄደ፣ ለከርሞ ዝናቡ ቢጥልም የሚያርስበት የለውም። ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ወይ ቤቱን ዘግቶ ይወጣል።

በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የታየው የዚህ መጨረሻ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከወራት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም የደነገጠው ግን ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ምስሉን ሲያሳይ ነው። ኮረም የደረሰው ሕዝብ እስከዚያ በሬውንም ዘሩንም ጨርሷል። የመጣው እህል የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል፣ ይህን ማቃለል ነውር ነው። የፈረሰ ጎጆ ግን በስንዴ አይቆምም።

አሁን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11ን ክፈቱ። አጋቦስ የሚባል ነቢይ ታላቅ ረሀብ ሊመጣ እንዳለው በመንፈስ ተናገረ። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት ምን አደረጉ? የይሁዳ ወንድሞቻቸው ሲወድቁ እስኪያዩ አልጠበቁም። ቃሉን ሰምተው፣ እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው ለመላክ ወሰኑ። የኛ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለእኛ ነቢይ ላይመጣልን ይችላል፣ ምልክቱ ግን አይጠፋም። የቀረ በልግ ምልክት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንበጣ የራያ ቆቦን ማሽላ ሲበላ፣ ማሳው የወደመው ወዲያው ነው፤ ጎተራ የሚራቆተው ግን ወራት ቆይቶ ነው። መሐል ያለው ጊዜ የእኛ ነው። በዚያ ጊዜ «እግዚአብሔር ይርዳቸው» ብሎ ማለፍ፣ ያዕቆብ «እሳት ሙቁ ጥገቡም» ብለው ባዶ እጅ የሚያሰናብቱትን የገሠጸበት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን ጥቂት ጥቂት እንዲያስቀምጡ ነግሯቸዋል። እኛ ደግሞ ሰንበቴ አለን! ሰው ይሰበሰባል፣ ጠበላ ጠዲቁ ይቀርባል። እዚያው አንዲት ሣጥን ብትቀመጥ ምን ይከብዳል? በጾም የተረፈው የሥጋና የወተት ብር እዚያ ይግባ። ሃምሳ ብርም ይሁን። ጳውሎስ እንዳለው፣ ፈቃድ ካለ ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው አይጠየቅም።

አላላኩም መንፈሳዊ ጉዳይ ነው። አንጾኪያዎች ያዋጡትን በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩት። ጳውሎስም ስለዚህ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ይላል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት። ስለዚህ ሣጥኑን ሁለት ሰው ይቁጠር። ማን ወሰደው፣ ስንት ደረሰ፣ ለማኅበሩ ይነበብ። የተቀባዩ ፎቶ ግን አይለጠፍ። ልጆቹ ነገ ያዩታል።

ማሳው የጠፋበትን ደግሞ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያውቀዋል። ካህናቱም፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎችም ያውቁታል። ሙስሊም ነው ክርስቲያን አትበሉ፤ ወሎ ላይ ሐዘኑንም ሠርጉንም አብረን ነው የምንቀመጠው። ከእህሉ ጋር የመኖ ብርም ጨምሩ። ለበሬ ጭድ መግዛት ምጽዋት አይመስልም ይሆናል፤ ነው።