«ኤሲው ጋዝ ጨርሷል» እና ሌሎች የቢሯችን ክርክሮች

ግንቦት ላይ ከሰባት ሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። ግድግዳው ራሱ ይተኩሳል። የምትፈርምበት ወረቀት ክንድህ ላይ ይለጠፋል። እኔ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የግዢና ንብረት ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሩም፣ ኤሲውም፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣም በእኔ ፊርማ ነው የሚገባው።

ባለፈው የበጀት ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሳ። አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ ወይስ አሮጌው ይጠገን? ሶላር እንትከል ወይስ በናፍጣው እንቀጥል? ትንሽ ቆይቶ ወሬው ወደ አየር ንብረት ለውጥ ዞረ። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን «አቦ ተወና! የፈረንጅ ወሬ ነው» አለ። አንዷ ደግሞ «ሙቀቱም፣ ድርቁም፣ የመብራት ሒሳቡም ከዚያ ነው የመጣው» አለች። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንብቤ፣ ቆጣሪ አይቼ፣ ባለሙያ ጠይቄ ያገኘሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

«አየሩ ድሮም ይለዋወጣል፤ ሰው ምን አገባው?»

የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ምድር ሰው ሳይኖርባትም ሞቃለች፣ ቀዝቅዛለችም። ግን ድሮ ቤት በመብረቅ ተቃጥሎ ያውቃል ማለት ዛሬ ክብሪት የጫረ የለም ማለት አይደለም። ጥያቄው የአሁኑን ማን አመጣው ነው።

ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኪሊንግ በፈረንጆች 1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 አካባቢ ደርሶ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ጭማሪው ከየት እንደመጣም ይታወቃል። ለሚሊዮን ዓመታት ተቀብሮ የኖረ የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ውስጥ ካርቦን 14 የሚባለው ዓይነት ካርቦን አልቋል። ያ ከሰልና ነዳጅ ሲቃጠል አየሩ ላይ አሻራውን ይተዋል፤ ባለሙያዎቹ ያንን አሻራ ይለካሉ።

«ፀሐይዋ ናት» የሚልም አለ። ፀሐይ ብትሆን የላይኛውም የታችኛውም አየር አብሮ በሞቀ ነበር። የሚለካው ግን ሌላ ነው። እኛ የምንተነፍሰው አየር ይሞቃል፣ ከላይ ስትራቶስፌር የሚባለው ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከታች እየተያዘ ነው ማለት ነው።

«የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው» ለሚለው ደግሞ አንድ ዓመተ ምሕረት ይበቃል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በፈረንጆች 1896 ነው። ከተማችንን የወለዳት ባቡር ድሬ የደረሰው ደግሞ በፈረንጆች 1902። ሒሳቡ ከከተማችን በዕድሜ ይበልጣል።

«ዛሬ ሐረር ብርድ ነው፤ የታለ ሙቀቱ?»

ድሬ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሹራብ የሚያስለብስህ ከፍታው ነው። የአንድ ቀን ብርድም ሆነ የአንድ ቀን ሙቀት የአየር ጠባይ ይባላል። የአየር ንብረት የሚባለው የ30 ዓመት ያህል አማካይ ነው። ትናንት ስለሞቀን «ይኸው መጣ» የምንለው ሰዎችም እዚሁ ስህተት ውስጥ ነን።

«ሐሮማያን ያደረቀው የአየር ንብረት ለውጥ ነው»

ይሄኛው ከሌላው ወገን የሚመጣ ስህተት ነው። ልቤን ስለሚነካው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከድሬ ወደ ሐረር ስንሄድ ድሮ አለማያ የምንለው ሐይቅ በመኪናው መስኮት ይታይ ነበር። የሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከሱ ነው። ከዚያ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ የነበረበት ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ወደ ድሬ ቆላ ወረደች።

ምን አደረቀው? ዙሪያውን የጫትና የአትክልት ማሳ ነበር፤ በየማሳው ፓምፕ። ከተማዋም ትቀዳለች። ተራራው ዛፉን ስላጣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አፈሩ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይገባና ያንን ጥልቀት ይሞላዋል። ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይብሳል፤ እሱም ድርሻ አለው። ዋናው እጅ ግን የእኛው ነበር። ለዚህም ነው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ፣ ተራራው ላይ ሥራ ከተሠራና ጥሩ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ውሃው ተመልሶ የታየው። ሁሉን ነገር «የአየር ንብረት ለውጥ» ብለን ብንተወው ኖሮ ማን አካፋ ያነሳ ነበር?

«የኢትዮጵያ ጭስ ኢምንት ነው፤ እኛን አይመለከተንም»

ድርሻችን ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እውነት ነው፤ በድርድር ጠረጴዛ ላይም መነሳት ያለበት እውነት ነው። ጉዳቱ ግን ማን ስንት አጨሰ ብሎ አይጠይቅም።

የድሬን ወንዝ ደቻቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት በዚያ አሸዋ ላይ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ያንን ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ ብቻውን አመጣው አልልም፤ የተራቆተ ተራራና ወንዝ ዳር የተሠራ ቤትም ነበሩበት። ነገር ግን አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ያ ሁሉ ደግሞ ባንድ ጊዜ ሲወርድ ደቻቱን የመሰለ ወንዝ ምን እንደሚያደርግ እኛ ሰው ሊነግረን አያስፈልግም።

«ኮምፒውተር ማጥፋት ለአየር ንብረት፤ አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ ለቁጠባ»

ወደ ቢሯችን ልመለስ። እዚህ ጋ ብዙ ምክር ከሌላ ሀገር እንዳለ ተገልብጦ ነው የሚመጣው።

ድንጋይ ከሰል አቃጥሎ መብራት በሚያመነጭ ሀገር አምፖል ማጥፋት ጭስ ይቀንሳል። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላዩ ከውሃ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ስናጠፋ በዋናነት የምንቀንሰው የመብራት ሒሳቡን ነው። ያም ትንሽ አይደለም። 60 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር ከሥራ መውጫ እስከ መግቢያ 16 ሰዓት ሲያድር 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። አሥሩ ሲያድሩ አንድ ኤሲ ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ይበልጣል። «ማጥፋትና ማብራት ያበላሸዋል» የሚባለውም ለዛሬ ኮምፒውተር አይሠራም። ስክሪን ሴቨርም መብራት አይቆጥብም፤ ስክሪኑ እየበራ ነው።

ታዲያ የቢሯችን ካርቦን የታለ? አንዱ ዕቃው ራሱ ውስጥ ነው። አንድ ላፕቶፕ ተመርቶ እስኪያልቅ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ማዕድኑ፣ ቺፑ፣ ስክሪኑ፣ ጉዞው ተደምሮ ነው። እኛ ሀገር መብራቱ ከውሃ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ በዕድሜው ከሚያስወጣው ጭስ እጅግ ብዙው ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ወጥቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ «ለአካባቢ ሲባል አሮጌውን በአዲስ እንቀይር» የሚለው ድሬ ላይ አይሠራም። የሚያዋጣው ያለውን ማቆየት ነው፣ ለኪስም ለአየሩም።

አሁን ግን አንድ ችግር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ብዙ ቢሮ «እንግዲህ ሁሉም ይጣል» ብሏል። ሁሉም አይጣልም። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማን በምን እንደሚሠራ ጻፍን። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀመው ሒሳብ ክፍል ዊንዶውስ ግድ ይለዋል፤ ለእሱ አዲስ ተገዛ። ደብዳቤ ለሚጽፉና ኢሜይል ለሚያዩት ግን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ቀየርን፣ ራም (የሥራ ማስታወሻውን) ጨመርን፣ በዊንዶውስ ፈንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ጫንን። ድሮ ሲበራ ቡና ተጠጥቶ የሚጠበቅ ኮምፒውተር አሁን ወንበር ስቦ እስኪቀመጡ ዝግጁ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ላይ የመጀመሪያው ሳምንት አስቸግሮን ነበር፤ ከዚያ ለመድነው።

«1 ሊትር ናፍጣ እንዴት ከ2 ኪሎ በላይ ጭስ ይወጣዋል?»

ይህን የጠየቀው ጥበቃችን ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲመዘን 830 ግራም አካባቢ ነው። ሲቃጠል የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ውሸት ይመስላል። ነገሩ ናፍጣው ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ካርቦን ከአየሩ ሁለት ኦክስጅን ይጨብጣል፤ ከክብደቱ አብዛኛው ያ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ያን ጊዜ ነው እያንዳንዱ አምፖል ለኪስም ለአየርም የሚቆጠረው።

ሶላሩን በተመለከተ፣ «የድሬ ሙቀት ብዙ መብራት ይሰጠናል» የሚለው ስህተት ነው። ፓኔሉ የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። የፓኔሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ጉልበት ያጣል። ብርሃናችን ግን ሞልቶ የተረፈ ስለሆነ አሁንም ያዋጣል። ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ እንዳይታሰር ብቻ፤ ከስሩ አየር ይለፍበት።

«ኤሲው ጋዝ ጨርሷል፤ ይሞላ»

ይሄንን መጨረሻ ያደረግኩት ብዙ ገንዘብ ያስወጣን እሱ ስለሆነ ነው።

አንድ ላፕቶፕ ሲሠራ 40 ዋት አካባቢ ይወስዳል። የአንድ ክፍል ኤሲ 1 ኪሎ ዋት ገደማ። አንድ ኤሲ እንደ 25 ላፕቶፕ ይበላል። ስብሰባ ላይ የምንጨቃጨቀው ግን ስለ ላፕቶፑ ነው።

ገና ከፀሐይ የገባ ሰው ሪሞቱን አንስቶ 16 ላይ ያደርገዋል። ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ነው። ተራው ኤሲ 16 ላይም 25 ላይም የሚነፍሰው አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ነው፤ 16 ማለት ሳያርፍ ይሥራ ማለት ብቻ ነው። የድሬ ክፍል ደግሞ 16 አይደርስም። ኮምፕረሰሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል።

ቀጥሎ ፊልተሩ። የእኛን አንድ ቀን ራሴ ከፍቼ አወጣሁት። አቧራው እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ ተጋግሮበታል፤ ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ ተላቀቀ። ከኋላ ባለው ቧንቧ ስር አጠብኩት። ሳፋው ውስጥ የቀረው ውሃ የደቻቱን ጎርፍ መሰለ። መልሼ ስገጥመው ነፋሱ ወረቀት በተነ።

አሁን ወደ ጋዙ። አንደኛው ክፍል ያለው ኤሲ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ማቀዝቀዝ ያቆማል። ባለሙያ ይመጣል፣ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል፣ ይሞላል፣ ተከፍሎት ይሄዳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ከፈልን። ጋዙ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በመዳብ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ እዚያው የሚዞር ነው። ካነሰ በሆነ ቦታ ወጥቷል፤ ሌላ መንገድ የለውም።

የሚወጣው ደግሞ ቀላል አይደለም። ብዙ ኤሲ ውስጥ ያለው አር 410 ኤ የሚባለው ጋዝ 1 ኪሎው አየር ላይ ሲለቀቅ ከ2,000 ኪሎ ግራም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል። ወደ 780 ሊትር ናፍጣ እንደማቃጠል ነው። አንድ አነስተኛ ኤሲ የሚይዘው ደግሞ 1 ኪሎ ያህል ነው። እኛ ኮምፒውተር ይጥፋ አይጥፋ ስንል፣ ከጣሪያችን ስር ያ ሁሉ በዝምታ እየወጣ ነበር።

ዘንድሮ ሌላ ባለሙያ ጠራሁ። «ጋዝ ከመሙላትህ በፊት የሚያፈሰውን አሳየኝ» አልኩት። ሳሙና በውሃ በጠበጠ፣ በስፖንጅ አድርጎ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባ። ውጭው ክፍል ጋ፣ ቀጭኑ ቱቦ በዳዶ የታሰረበት ላይ አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። የቱቦውን ጫፍ ቆርጦ አዲስ አፍ አወጣለት፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ ደግሞ በሳሙና ፈተሸ። ከዚያ በኋላ ነው ጋዝ የሞላው። ለዚያ ክፍል በየዓመቱ የምንይዘውን የጋዝ ማስሞያ ወጪ ከቀጣዩ በጀት ላይ ሰርዤዋለሁ።