ላቴክስ ምንድን ነው? ፓራፊን ዘይትስ ለምን ያበላሸዋል?

ሊኩዊድ ፓራፊን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የሌለው ዘይት ነው። የሚገኘው ከድፍድፍ ነዳጅ ሲሆን፣ ለቆዳና ለመድኃኒት የሚውለው በደንብ የተጣራው ነው። ቤቢ ኦይል የምንለውም በአብዛኛው ይኸው ዘይት ሽቶ ተጨምሮበት ነው። ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ቆዳ ላይ ሲቀባ እርጥበቱ ተንኖ እንዳያልቅ ይከላከላል።

ለሆድ ድርቀትም በአፍ ይወሰዳል። አንጀት ስለማይፈጨው ሰገራውን አለስልሶ አብሮ ይወጣል። ለጨቅላ ሕፃን ግን በአፍ እንዳትሰጡ! ትን ብሎት ወደ ሳንባው ከገባ ከባድ የሳንባ ሕመም ያመጣል። አዋቂም ቢሆን አዘውትሮ ከወሰደው ሰውነቱ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬን በደንብ እንዳያገኝ ያደርገዋል።

ላቴክስ ደግሞ የዕፅዋት ወተት ነው። ቁልቋል ወይም ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበውን ነጭ ፈሳሽ ካያችሁ፣ ላቴክስ አይታችኋል። (የቁልቋል ወተት ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጆች እንዳይነኩት።) ጓንትና ፊኛ የሚሠራው ግን ከጎማ ዛፍ ወተት ነው። የዛፉ አገር አማዞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ዘሩን ከብራዚል ወደ ለንደን ወሰደ፤ ከዚያ ችግኙ ወደ እስያ ተሻገረ። ዛሬ የተፈጥሮ ጎማ በብዛት የሚመረተው ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ነው። የዛፉ ልጥ በስለት ይበጣና ወተቱ በዕቃ ይጠራቀማል። ሲሶ ያህሉ ጎማ፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። በድኝና በሙቀት ሲታከም ጠንክሮ፣ ተስቦ የሚመለስ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ላቴክሱ ይጎዳል። ጎማም ፓራፊንም የተሠሩት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ነው። ስለሚመሳሰሉ ዘይቱ በጎማው ሰንሰለቶች መሃል ሰርጎ ይገባል። ጎማው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በቀላሉ ይቀደዳል። ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት የላቴክስ ኮንዶም ለ60 ሴኮንድ ያህል ብቻ የማዕድን ዘይት (ይኸው ሊኩዊድ ፓራፊን) ነክቶት ጥንካሬው በ90 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዓይን ሲታይ ግን ደህና ሊመስል ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ያልተፈለገ እርግዝናና ኤችአይቪ የሚመጡት ተማምነንበት እያለ ነው።

ስለዚህ ቫዝሊን፣ ቤቢ ኦይል፣ የገላ ሎሽንም ሆነ የምግብ ዘይት ከላቴክስ ኮንዶም ጋር አይሄዱም። ማለስለሻ ካስፈለገ በውሃ ወይም በሲሊኮን የተሠራውን ፋርማሲ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ ባለሙያው በየቀኑ የሚጠየቀው ነገር ነው። ማሳጅ የምትሠሩ፣ ቅባት የምትቀቡ፣ ጋራዥ ውስጥ ዘይት የምትነኩም የላቴክስ ጓንት አያስተማምናችሁም። ለእናንተ የሚሻለው ዘይት የሚቋቋመው፣ ላቴክስ ከሌለበት ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራው የናይትራይል ጓንት ነው። ላቴክስ ሲነካው ቆዳው የሚያሳክከው ወይም ፊኛ ሲነፋ ከንፈሩ የሚያብጥበት ሰውም ናይትራይሉን ይጠቀም። አለርጂው ሲጠና ትንፋሽ እስከማሳጠር ስለሚደርስ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የጥርስ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።