"ዘንድሮ አለቀላቸው" እና ሌሎች የነሐሴ ወሬዎች

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል የሚጀመረው በነሐሴ ማብቂያ ነው። ወሬው ግን ከሐምሌ ጀምሮ ይደራል። እኔ ስለ ራሴ ቡድን የሚባለውን ብዙም አልከታተልም። የምከታተለው የተቀናቃኛችንን ነው፤ ብዙ ደጋፊም እንደዚያው ነው። (ለማያውቀው፦ ይሄ ኳሱ ሞላላ የሆነው፣ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ግን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል።) በየዓመቱ የሚሰሙ ስህተቶች አሉ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ደረጃቸው ከፍ ብሏል፣ ዘንድሮ ያስፈራሉ"

አሶሼትድ ፕሬስ ከ1950 ጀምሮ ኳስ ሳይነካ ደረጃ ያወጣል። ድምፅ የሚሰጡት የስፖርት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ያዩትም እንደኛው የአምናውን ቡድን ነው። በ2024 ፍሎሪዳ ስቴትን 10ኛ ላይ አስቀመጡት። በ2023 እስከ ቦውል ጨዋታ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረገው) ድረስ 13 ተጫውቶ 13ቱንም ያሸነፈ ቡድን ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት አሪዞና ስቴት ከቢግ 12 ሊግ 16 ቡድኖች መጨረሻ ይወጣል ተብሎ ነበር። ዋንጫውን በላ። አንደኛ ይሆናል የተባለው ዩታ 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ።

"ኮከቦቻቸው ሄደዋል፣ አለቀላቸው"

ድሮ ያስኬድ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ መጫወት ይችላል። በዚያው ዓመት በስሙና በምስሉ ገንዘብ መሥራትም ተፈቀደለት። የሄደውን ቆጥሮ የመጣውን መተው ግማሽ ሒሳብ ነው። ኢንዲያና በ2023 ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ሲመጣ ልጆቹን ይዞ መጣ። በ2024 በሊጉ ካሉት 18 ቡድኖች 17ኛ ይወጣል የተባለው ኢንዲያና 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ።

"በስፕሪንግ ጨዋታቸው አይተናቸዋል"

ስፕሪንግ ጨዋታ ማለት ውድድሩ ከመጀመሩ ወራት በፊት የአንድ ቡድን ልጆች እርስ በርስ የሚያደርጉት ልምምድ ነው። ኳርተርባኩ (ኳሷን የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው ልጅ) ማንም እንዳይጥለው የተለየ ቀለም ማሊያ ይለብሳል። ሌላ ምን ልበል?

"በተቀናቃኝ ጨዋታ ቀን አቋም ዋጋ የለውም"

ይህን የሚል ሁሉ ሚሺጋን በኖቬምበር 2024 ኮሎምበስ ሄዶ በሜዳው ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 ያሸነፈበትን ቀን ያነሳል። ኦሃዮ ስቴት 2ኛ ደረጃ ላይ ነበር፤ ሚሺጋን 6 አሸንፎ 5 ተሸንፎ ነው የመጣው። የሚሺጋን ኳርተርባክ በአየር ያስኬደው 62 ያርድ ብቻ፣ ሁለት ኳስም ተነጥቋል። ታዲያ በምን አሸነፉ? ኦሃዮ ስቴት ከፊት መስመሩ (ለኳርተርባኩና ለሯጩ መንገድ ከሚከፍቱት) ሁለት ቋሚ ልጆቹን በጉዳት አጥቶ ነበር። ከፊታቸው የቆሙት ደግሞ የሚሺጋን ተከላካዮች ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት ናቸው፤ ሁለቱም በሚቀጥለው ዓመት በፕሮፌሽናሉ ሊግ ድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት) በመጀመሪያው ዙር ተመርጠዋል። ኦሃዮ ስቴት ግን እነዚህ ግዙፎች በቆሙበት በመሃል ካልሮጥኩ ብሎ ግትር አለ። ሊያበቃ 45 ሰከንድ ሲቀረው የሚሺጋን መቺ ዶሚኒክ ዝቫዳ ከ21 ያርድ መትቶ አስገባ። ይሄ የደርቢ ምትሃት አይደለም። እኔ የተቀናቃኝን ቡድን ሳይ ከስሙና ከኮከቡ በፊት ፊት መስመሩ ላይ የቆሙትን ወፋፍራሞች የማየው ለዚህ ነው።

ሽንፈቱ ደግሞ ለኦሃዮ ስቴት መጨረሻው አልሆነም። በዚያው የውድድር ዘመን፣ ጃንዋሪ 2025 ላይ፣ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ ከካንሳስ ስቴት የመጣ ነበር።

"አምና የተሸነፉት ለጥቂት ነው፣ ዘንድሮ ይነሳሉ"

ይሄኛው ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ለዚያ ነው። ነብራስካ በ2021 ዘጠኝ ጊዜ ተሸነፈ፤ ዘጠኙም ከ10 ነጥብ ባነሰ ልዩነት። ዕድል ነው፣ ይስተካከላል ተባለ። የ2022ቱን በደብሊን ከኖርዝዌስተርን ጋር ጀመሩ። ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ኳሷን ለተጋጣሚው አርቆ መትቶ ይሰጣል፤ 28 ለ 17 እየመሩ ግን አሰልጣኙ ስኮት ፍሮስት ኳሷ አጠር ተደርጋ እንድትመታ አዘዘ፣ መልሰን እንይዛታለን ብሎ። አልያዟትም። 31 ለ 28 ተሸነፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍሮስት ተባረረ። ኖርዝዌስተርን በዚያ ዓመት ሌላ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም።